ከስንታየሁ የሚበልጥ መብራት

ቀየት፣ ኅዳር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጥሩሸዋ ልጅ፣ ለታዲዮስ
ደብረ ብርሃን

እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደህና ነው፤ ጥርሴም እንዳለ ነው። ሰላምታውን ይሥሐቅ አንድ ገጽ ሊያደርገው ሲል አስቁሜዋለሁ። ይሥሐቅን ታውቀዋለህ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ሱቅ ያለው ነው። እሱ ይጽፋል፣ እኔ እናገራለሁ። ሳሙና ፈላጊ ገብቶ እንዳይሰማን በሩን ዘግተናል።

ለምን አልደወሉም ብለሃል። እኛ ዘንድ ስልክ የሚሰማው ከመንገዱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። መንደሩ ሁሉ እዚያ ወጥቶ ስልኩን ወደ ሰማይ እንደያዘ ተኮልኩሎ ይውላል። እዚያ ቆሜ የተናገርኩት ነገር ከእኔ ቀድሞ ቤቴ ይገባል። ይሄኛው ነገር ቤቴ እንዲገባ አልፈልግም።

ነገሩ አጭር ነው። አንተ የመኪና መብራት የምትሠራ ሰው ነህ፤ ፒካፔ ላይ መብራት ግጠምልኝ። የፊቱንና የኋላውን አይደለም፣ እሱ አለው። ጋቢናው ጣራ ላይ የሚቀመጠውን፣ ብልጭ ድርግም የሚለውን፣ አምቡላንስ ላይ ያለውን ነው የምልህ። ቀይና ሰማያዊ ይሁን። ከማዶ ከጉብታው የሚታይ ይሁን።

ስንታየሁ አስገጥሟል። የትኛው ስንታየሁ ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ ጡረተኛው አስተማሪ ነው። አዲስ አበባ ያለች ልጁ ፒካፕ ገዛችለት። የገዛው ከእኔ በኋላ ነው፤ እዚህ ላይ አስምርበት ብዬዋለሁ ይሥሐቅን። ከዚያ በመስቀል ሰሞን ጣራው ላይ ቢጫ መብራት ሰክቶ መጣ። ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋግሮ ነው አሉ፤ ከወረዳም ወረቀት አለው አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰው ቢታመም፣ ሴት ምጥ ቢይዛት፣ የሚሰማው ቃል አንድ ነው፦ ስንታየሁን ጥሩት።

እኔ እዚህ አገር ምን እንደሆንኩ እናትህ ትንገርህ። መንገዱ ሳይወጣ በፊት በሽተኛ በቃሬዛ ሲሄድ የፊቱ እንጨት የእኔ ትከሻ ላይ ነበር። የቃሬዛ አለቃ እኔ ነበርኩ። የአጥቢያችን ወሰን ላይ ስንደርስ የማርያም ሰዎች ወጥተው ቆመው ይጠብቁናል፤ «ማን ነው? ምን ነካው?» ይላሉ፤ እንነግራቸዋለን፤ ይቀበሉናል። ከማርያም ደግሞ የጊዮርጊስ ሰዎች ይቀበላሉ። ሌላው ትከሻ ይቀያየራል፤ እኔ አልቀየርም። መኪና ከመጣ በኋላም ልማዱ አልቀረም። በሽተኛ የጫነ መኪና ወሰን ላይ ሳይቆም አያልፍም፤ ሰው ይወጣል፣ ይጠይቃል፣ ከየአጥቢያው አንድ ሰው አብሮ ይሳፈራል፤ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት ወገን የሌለው እንዳይመስል። ያ መኪና የእኔ ነበር። ኮከብ ልጄ ትነዳለች፣ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ ስሜ እየተጠራ አልፋለሁ።

አሁን ሰው የሚወጣው ቢጫውን መብራት ከሩቅ ሲያይ ነው። እኔ ሳልፍ ድንች የሚያዞር ነጋዴ ያለፈ ይመስል ቀና የሚል የለም።

ሚስቴ ጌታነሽ ደህና ናት። ስለ እሷ ብዙ አትጠይቀኝ።

አጎትህ ዳኜ

*

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 27 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ዳኜ

ጤናዎ እንደዚሁ ይሁንልኝ። ደብዳቤዎን የሚኒባሱ ሾፌር ጋራዥ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ዘግይቼ ስለመለስኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጽፍም አልገባኝም ነበር።

ጋሽዬ፣ ቀይና ሰማያዊ የፖሊስና የአምቡላንስ ነው። በግል መኪና ላይ አልገጥምም። ትራፊክ ቢያገኛችሁ ሰሌዳ ይፈታል፣ ኮከብም መንጃ ፈቃዷን ትቀማለች። ቢጫውን እገጥምልዎታለሁ፤ እሱም ቢሆን እንደ መምህር ስንታየሁ ከወረዳ ወረቀት ይዘው ሲመጡ ነው። ባትሪውም አርጅቷል፣ ዝም ብሎ ገመድ መቀጠል አይሆንም። የራሱ ፊውዝ፣ የራሱ ማብሪያ ያስፈልገዋል።

ደግሞ አይቆጡኝና፣ በሽተኛ የሚጭን ሌላ መኪና ካለ እርስዎ ምን አስቸኮለዎ? ከቤት የታመመ ሰው አለ እንዴ?

እትዬ ጌታነሽ እንዴት ናቸው? ሲመሽ ብቻቸውን ከቤት ባይወጡ ጥሩ ነው። ብርዱ ከባድ ነው ብዬ ነው። ከአጥሩ በታች ያለው ቦይ አልተደፈነም? ቢደፍኑት ደስ ይለኛል። ምድጃ አጠገብም ሌላ ሰው ቢረዳቸው። ሰላም ይበሉልኝ፤ ታዲዮስ ጠይቆሻል ይበሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ ታዲዮስ

*

ቀየት፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለታዲዮስ

መብራት ጠየቅኩህ፣ አንተ ስለ ቦይ ትጽፍልኛለህ። ቦዩ አባቴ የቆፈሩት ነው፣ አይደፈንም። መምህር ያልከውንም ሰምቻለሁ። ይሥሐቅ ሲያነብልኝ ዘሎት ሊያልፍ ነበር፤ ፊቱን አይቼ አስደገምኩት።

ደግሞ በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ቦታ ስለ ጌታነሽ ጠይቀሃል። እሺ፣ ልንገርህ። ይሥሐቅ እንደማይናገር በሚካኤል ምሏል።

አንተ ሳትወለድ ስንታየሁ ለጌታነሽ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባቷ ለእኔ ሰጡኝ። በሬ ነበረኝ፣ ፈረስ ነበረኝ፣ እሱ እርሳስ ነበረው። ከዚያ በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት መጣና አስተማሪው ማን ሆነ? ማታ ማታ ሚስቴ እሱ ፊት ተቀምጣ ሀ ሁ ትላለች። እኔም እንድማር ተጠርቼ ነበር፤ ስንታየሁ ፊት ተንበርክኬ «ይሄ ምንድን ነው?» ስባል አልገኝም ብዬ ቀረሁ። ዛሬም አልጸጸትም። ጌታነሽ ዳዊት እስክትደግም ተማረች። በኩራዝ እያነበበች ስታመሽ፣ ይሄ ፊደል ዓይንሽን ያጠፋዋል እላት ነበር። ትስቅብኛለች።

አሁን ስማ። ከክረምት ወዲህ ዳዊቷን ከተሰቀለበት አላወረደችውም። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ የእሱን ፊደል ተወችው ብዬ። ኋላ ሳስበው የማንበብ ልብ ያጣች ሴት ልቧ ሌላ ቦታ ነው። ወጡ ላይ ጨው ሁለቴ ትጨምራለች። ከቅዳሴ ስትመለስ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን፤ ባሏ እኔ፣ በነጭ ጋቢዬ ቆሜ፣ እንደማላውቀው ሰው አልፋኝ ሄደች። «ጌታነሽ» ስላት ደነገጠች። «አንተ ነህ እንዴ?» አለችኝ። ሌላ ማን ጠብቃ ነበር?

ጥቅምት ላይ ጸበል ብላ ስትሄድ የሄደችው በስንታየሁ መኪና ነው። አንተ ዘንድ አድራ ተመለሰች፤ ይህን እሷ ነግራኛለች፣ አንተ ግን አልነገርከኝም። ከዚያም ጉልበቴን አመመኝ እያለች ሁለት ጊዜ መሐል ሜዳ ወርዳለች። በራሳችን መኪና ሂጂ ስላት «የኮከብን ገበያ አላስተጓጉልም» ትላለች። ጉም በወረደ ቀን ደግሞ ማየት ነበረብህ። እኔ አፍንጫዬን አላየሁም፤ እሷ ግን ያ ቢጫ መብራት ከጉብታው ብቅ ሲል ነጠላዋን አጣፍታ ቀጥ ብላ ወደ መንገዱ ወጣች። ሲመለሱ ስንታየሁ ከጋቢናው እጇን ይዞ አወረዳት። እንደ ሙሽራ። ክንዱ ላይ እጇን አሳርፋ እስከ በራችን መጣች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

በስተርጅና ምን ቅናት ነው ትል ይሆናል። ቅናት አይደለም፤ እኔ ሰው ላይ አልቀናም። መኪናዬ ግን ከእሱ መኪና አያንስም።

አንተ ካልገጠምክልኝ የሚገጥም አለ።

ዳኜ

*

ቀየት፣ ጥር 22 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለታዲዮስ

የጥምቀት ሰሞን የላክኸው ደረሰኝ። እንድጠብቅህ፣ አንተ ራስህ መጥተህ «ስለ አንድ ጉዳይ» እንደምታነጋግረኝ ትላለህ። እኔ የሰው መምጣት ጠብቄ የማድር ሰው አይደለሁም። ገጠምኩት። የት እንደሆነ አልነግርህም፤ ሰውየውን በሙያ ባልንጀርነት ትቆጣዋለህ። ቀይም አለው ሰማያዊም አለው፤ ከጋቢናው ጣራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው። ማብሪያው እኔ ጉልበት ፊት ነው። ከስንታየሁ ይበልጣል፤ የስንታየሁ ከእሱ ጎን ፋኖስ ነው።

«ሰላም ዋላችሁ ወይ፣ ገበያው እንዴት ነበር?» ብለሃል። ገበያው ደህና ነበር። መንገዱ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ነበረች። ከሌላ ሰው ብትሰማ አጋነው ይነግሩሃልና ከእኔ ስማ።

ቅዳሜ ለገበያ ስንወጣ በስንታየሁ በር ስናልፍ አበራሁት። እንዲያይ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። አይቶታል፤ ከነጋቢው ወጥቶ ቆመ። ኮከብ «አባዬ፣ አጥፋው» አለችኝ። ትንሽ እንራቅ አልኳት። ትንሽ ራቅን፣ ደስ አለኝ፣ ሳላጠፋው ወሰኑ ላይ ደረስን።

የማርያም ሰዎች ወጥተው ቆመዋል። ውድማ ላይ የነበሩት መንሻቸውን ጥለው መጥተዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከሩቅ ቀይ ሲያዩ ከቢጫው የባሰ ነው ብለዋል። ኮከብ አቆመች። ምን ታድርግ፣ ወሰን ላይ አይታለፍም። የቃሬዛውን እንጨት ከእኔ ጋር ይሸከሙ የነበሩት አዛውንት ወደ መስኮቴ ቀረቡና ቆባቸውን አውልቀው፣ «ዳኜ፣ ማን ነው? ምን ነካው?» አሉኝ።

ከኋላ ያለው በግ ነው። በጎቹ በዚያን ሰዓት ዝም አሉ፤ ሸራም ለብሰዋል። ኮከብ ፊቷን ወደ ማዶ አዞረች። እንግዲህ አስበው። የቃሬዛ አለቃ የነበረ ሰው፣ አጥቢያውን ከሥራ ያስነሳሁት በግ ልሸጥ ስሄድ ነው ብሎ ይናገር?

«ጌታነሽ ናት» አልኩ። «መሐል ሜዳ ሐኪም ቤት ተኝታለች፤ ላመጣት እየሄድኩ ነው።»

ለምን የእሷ ስም እንደመጣልኝ አላውቅም። አፌ ላይ የነበረው እሱ ነው።

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ ከትከሻዋ የሱፍ ባናዋን አውርዳ በመስኮት ሰጠችኝ፣ ስትመለስ እንዳይበርዳት። አዛውንቱ እንደ ልማዱ ተሳፈሩ፤ የተሳፈሩት ከበጎቹ ጋር ነው፣ ሸራውን ወደ ጎን ገፍተው ተቀመጡ። ጊዮርጊስ ወሰን ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ተሳፈረ። መሐል ሜዳ ሐኪም ቤት በር ላይ ወርጄ ገብቼ፣ ከአንዲት ዛፍ ሥር ትንሽ ቆሜ ወጣሁና፣ ተሽሏት በሌላ መኪና ወደ ቤት ሄዳለች አልኳቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ብለው አቀፉኝ።

ነገሩ ይኸው ነው። ማን ተጎዳ? ኮከብ ግን እስከ ዛሬ አታናግረኝም፤ የመብራቱንም ገመድ ነቅላዋለች። ባናውን እንዴት እንደምመልሰው እያሰብኩ ነው።

ዳኜ

*

ቀየት፣ ጥር 29 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለታዲዮስ

ሰላምታ የለኝም። ይሥሐቅ ከላይ «እንዴት ሰነበትክ» ብሎ ጽፎ ነበር፣ አስቀድጄዋለሁ።

ወሬው ከየአጥቢያው ዞሮ ቤቴ ገባ። በሰንበቱ ቤቴ በጠያቂ ሞላ። እንቁላል የያዘ፣ ማር የያዘ፣ ገንፎ የያዘ ሁሉ ይገባል። ጌታነሽ ከምድጃው ማዶ ተቀምጣ ወደ እኔ አቅጣጫ ታያለች፤ ውሸቴን አታፈርስብኝም፣ ዝም ብላ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። እኔ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ እወድ ነበር። ያን ጊዜ ስንታየሁ ገባ። ሰው ሁሉ ተነሳለት። ወደ እኔ መጥቶ፣ «ዳኜ፣ አንዴ ውጭ እንነጋገር» አለኝ።

ውሸቴን ሊያወጣብኝ ነው ብዬ በትሬን ይዤ ወጣሁ። የገብስ ክምሩ ጥግ ስንደርስ ምን አለኝ መሰለህ?

«እግዚአብሔር ይስጥህ። ልቤ ላይ ተቀምጦብኝ ነበር። መቼ ነገረችህ?»

ምን እንደሚል አልገባኝም። ግን ስንታየሁ የሚያውቀውን እኔ አላውቅም አልልም። «ቆየ» አልኩት።

«የግራው ጭርሱን ጠፍቷል፤ በቀኙ የምታየው ጥላ ብቻ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

«ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል፣ ታያለሽ ብሏት ነበር። ደብረ ብርሃን ሁለት ጊዜ ቀጠሩላት፣ ሁለቱንም አሳለፈችው። ዳኜ ሳያውቅ ዓይኔን አላስነካም ትላለች፤ ንገሪው ስላት ደግሞ አልነግረውም ትላለች። እኔንም አስምላኛለች፣ ታዲዮስንም አስምላዋለች።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

«ሰውን በድምፁ ነው የምትለየው። የእኔን መኪና ደግሞ በመብራቱ ነው፤ ከሩቅ የቀራት እሱ ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ፣ ስንታየሁ» አልኩት። ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ። ትከሻዬን ነክቶ ሄደ። እኔ ክምሩን ተደግፌ ጠያቂው ሁሉ እስኪወጣ እዚያው ቆየሁ።

ታማለች ብዬ ሁለት አጥቢያ አስወጣሁ። ታማ ነበር። እቤቴ ውስጥ፣ አንድ መሶብ ላይ እየበላን ታማ ነበር። ስንታየሁ ያውቃል፣ አንተ ታውቃለህ፣ እኔ ደግሞ ጨው በዛ ብዬ እቆጣለሁ።

ሰው ሲወጣ «ማን ነገረህ?» አለችኝ። ለምን ደበቅሽኝ አልኳት። ቦታውን አላወቀችም መሰለኝ፣ ከእኔ ትንሽ ወደ ጎን እያየች፣ «ፊደሉ ነው ያጠፋው፣ ስንታየሁ ነው ያጠፋው ትለኛለህ ብዬ ነው» አለችኝ። «ዓይኔ ከጠፋ ይጥፋ፤ በዚያ ፊደል ዳግመኛ ስወቀስ ግን መስማት አልፈልግም።»

ምን ብዬ እንደመለስኩላት ለአንተ አይነገርም፤ ይሥሐቅም አይሰማውም።

አንተ ግን ልትነግረኝ ይገባ ነበር። ስለ ቦይ ጻፍክልኝ። ቦይ! ጥቅምት ላይ ቤትህ አሳድረህ፣ ሐኪም ዘንድ በእጅህ መርተህ ወስደህ፣ ለእኔ ብርዱ ከባድ ነው ትለኛለህ። እናትህ ብትሰማ ምን ትላለች? ልትመጣ ያሰብከው ለዚህ ከሆነም ዘግይተሃል።

አሁን የምልህን አድርግ። ቀጠሮ አስይዝ። በማንም መኪና አትመጣም፣ በእኔ መኪና ነው የምትመጣው። ቀይና ሰማያዊውን ኮከብ ፈታዋለች፤ በበጎቹ በረት ውስጥ ጥዬዋለሁ። ቢጫውን ላክልኝ፤ ትንሽ ይሁን። ግን አንድ ነገር አለ። የእኔም ቢጫ፣ የእሱም ቢጫ ከሆነ በምን ትለየናለች? ጉም ውስጥ ቆማ የእሱ ነው ብላ ብትወጣ፣ ወይ የእኔ ነው ብላ የእሱ ጋቢና ብትገባስ? ይህንን አስብበት። ሙያህ አይደል?

ቦዩን ደፍኜዋለሁ።

ዳኜ

*

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ያሉኝን ሁሉ ይበሉኝ፤ ይገባኛል። እትዬ ጌታነሽ እዚህ ቤቴ ዳዊቱን ጭኔ ላይ አድርገው፣ «ለዳኜ ብትነግረው አላየሁህም፣ አላውቅህም» ብለው ነው ያስማሉኝ። እንዲህ ብለው ሲስቁ እኔ ማልቀስ ይዳዳኝ ነበር። ላለመማል አቅም አጣሁ፣ ላለመጻፍም አቅም አጣሁ፤ ስለ ቦዩ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ቀጠሮው ከፋሲካ በፊት ተይዟል፤ ቀኑን ለኮከብ ነግሬያታለሁ። መጀመሪያ አንዱ ዓይን ይሠራል። ሐኪሙ ተስፋ ሰጥቷል፤ ከእሱ በላይ እኔ ልናገር አልችልም።

መብራቱን ከደብዳቤው ጋር በኮከብ እጅ ልኬያለሁ። ኮከብ የወረዳውን ወረቀት ይዛ ስትመጣ አሳየችኝ። መምህር ስንታየሁ አብረዋት ገብተው እንዳስፈረሙላት ነገረችኝ፤ ይህን ያውቃሉ ብዬ ነው የምጽፈው።

ስላሳሰበዎት ነገር፤ የመምህር ስንታየሁ የሚዞረው ዓይነት ነው፣ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። የእርስዎን ሌላ ዓይነት አድርጌዋለሁ። ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ይልና ያርፋል፣ እንደገና ሁለት ጊዜ ብልጭ ይላል። ሰው በር ሲያንኳኳ እንደሚያደርገው። እትዬ ጌታነሽ አይሳሳቱም።

ታዲዮስ

*

ቀየት፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለታዲዮስ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ጽሕፈቱን አይተህ የይሥሐቅ እንዳልሆነ አውቀሃል። ይሥሐቅን አሰናብቼዋለሁ፣ ቅርም አላለው፤ ሲጽፍ እየሳቀ ነበር አሉኝ። አሁን የምትጽፈው ጌታነሽ ናት። ትላልቅ አድርጋ ነው የምትጽፈው፤ ወረቀት ይጨርሳል። ብዬሻለሁ፣ ይሄንንም ጻፊው።

«መንገዱ እንዴት ነበር?» ብለህ ጠይቀህ ነበር፤ ያን ጊዜ ሰው ስለነበረ አልመለስኩልህም። ስንነሳ መብራቱን አበራሁ፤ በሽተኛ ይዣለሁ፣ መብቴ ነው። ጌታነሽን ጋቢና መሐል አስቀመጥናት። ወሰኑ ላይ የማርያም ሰዎች ወጡ። ትንሽ ናቸው፤ አንዳንዱ ከውድማው ቀና ብሎ አይቶ ወደ ሥራው ተመልሷል። አዛውንቱ መጡ። ቆባቸውን አላወለቁም። «ዳኜ፣ ዛሬስ ማን ነው?» አሉኝ። ሰው ዘወር እያለ ሳቀ። የበጎቹ ነገር ተሰምቷል፤ ወሬው እንደ ጉም ነው፣ የማይገባበት የለም።

እኔ አፌን ስከፍት ጌታነሽ ቀደመችኝ። ባናውን በመስኮት አውጥታ ሰጠች። «ታማሚዋ እኔ ነኝ» አለች። «ዓይኔን ነው። ያን ጊዜም ታምሜ ነበር። ዳኜ አልዋሸም።»

አዛውንቱ ቆባቸውን አወለቁ። ባናዋን የሰጠችው ሴት አልቀበልም ብላ መልሳ አለበሰቻት፤ ደግሞም ራሷ ተሳፈረች። ጊዮርጊስ ወሰን ላይ ስንደርስ ሁሉም ወጥተው ነበር።

ከመሐል ሜዳ በኋላ ጓሳ ላይ ጉሙ ወረደ። ኮከብ በእግር ሰው ፍጥነት ነዳች። ከፊታችን የሣር ሸክም የጫነ ፈረስ ድንገት ቢወጣ እንኳ አናይም ነበር። ጌታነሽ ግን የመብራታችን ብልጭታ ጉሙ ላይ ሲያርፍ አየሁት አለች። «ሁለቴ ብልጭ፣ ከዚያ ያርፋል» እያለች እስክንወጣ ስትቆጥር ነበር። ይህን ሥራህን አመሰግናለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምናገረው።

በአንድ ነገር ግን ቂም ይዤብሃለሁ። ፋሻው ሲፈታ ፊት ለፊቷ የቆምከው አንተ ነህ። እኔ ውጭ፣ መኪናዋን ከዚህ አንሱ ከሚለው ዘበኛ ጋር እከራከር ነበር። ስገባ «ታዲዮስ እንዴት አምሮብሃል» ስትል ደረስኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፣ ቆይታ ቆይታ አየችኝና፣ «አረጀህ እኮ» አለችኝ። አጽፌዋለሁ፤ ሳትጽፈው ልታልፍ ነበር።

ስንታየሁ ለጥየቃ መጣ። አልከለከልኩትም፤ ወረቀቱን ያስፈረመልኝ እሱ ነው። አላመሰገንኩትም እንጂ ጠላ ቀድቼለታለሁ። እሱንም አየችው፤ እሱም አርጅቷል። ከእኔ የበለጠ አርጅቷል። ይህን ጻፊ አልኳት፤ ጻፍኩት አለችኝ። ጠላውን ጠጥቶ ከተሰቀለበት ዳዊቷን አወረደና እጇ ላይ አኖረላት። እኔ ላወርደው አስቤ ነበር። ቀደመኝ። እሱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

አሁን አሠራራችን እንዲህ ነው። በሽተኛ ካለ ወይ እሱ ያበራል ወይ እኔ አበራለሁ፤ መጀመሪያ የተጠራው ይሄዳል። ባዶ መኪና ላይ ማብራት የለም፤ ይህን ለማርያም ሰዎች በራሴ አፍ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።

ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ ጉም ነበር። ስንታየሁ ከፊታችን ነው፣ እኔ ከኋላው ነኝ፤ ሁለታችንም መብራታችን ጠፍቷል። ጌታነሽ መንገድ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የእሱ መኪና አለፋት። አልተነሳችም። የእኔ ስትደርስ ተነሳች። መብራት የለ፣ ምን የለ፤ ተነስታ ነጠላዋን አጣፋች። ኮከብም አይታለች፣ ምስክሬ ናት። ይህን ለእናትህ ለጥሩሸዋ አንብብላት፤ ጮክ ብለህ አንብብላት።

አጎትህ ዳኜ

ታዲዮስ ልጄ፣ ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው። ዳኜ አጠገቤ ተቀምጦ «ምን ትጨምሪያለሽ?» ይለኛል፤ ሰላምታ ነው ብዬዋለሁ። ስንታየሁ ሲያልፍ እጄን አንስቼ ሰላም ብዬዋለሁ፤ ዳኜ በጉሙ አላየም። አትንገረው። የተነሳሁት ግን ለዳኜ ነው። ይሄንንም አትንገረው፤ ዓመቱን ሙሉ ሲኮራ ማን ይችለዋል።

ጌታነሽ